ራሺያኖቹንና የእኛዎቹን ስታወዳድሩ የተነሡበትንም ቁጠሩ

ጣና ዳር (ክሩን የከፈተ) · ትናንት ማታ 2፡20

እንደምን አመሻችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የእስራኤል ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ንጽጽር እሰማለሁ። ከሶቪየት ኅብረት የሄዱት አይሁዶች በጥቂት ዓመት ውስጥ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የፓርላማ አባል ሆኑ፤ ከእኛ አገር የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ግን አርባ ዓመት ሞልቷቸውም ጥበቃና ጽዳት ላይ ናቸው ይባላል። ፍርዱም ወዲያው ይከተላል፤ «ያው ሐበሻ የትም ቢሄድ ሐበሻ ነው»። ይህንኑ በቅርቡ ከተማሪዎቼ አፍ ሰማሁትና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። የሁለት ሰዎችን መድረሻ አስቀምጦ መነሻቸውን የሚደብቅ ንጽጽር ስሌት አይባልም።

እስቲ መነሻውን እንይ። (ዓመቶቹን ለየት አድርጌ ካልጠቀስኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) በ1990 ብቻ ከሶቪየት ኅብረት 185 ሺህ ገደማ ሰው እስራኤል ገባ፤ በ1991 ደግሞ 148 ሺህ ያህል። በቀጣዮቹ አሥራ አምስት ዓመታት ድምሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ያኔ የአገሪቱ ጠቅላላ ሕዝብ ከአምስት ሚሊዮን በታች ነበር። ከመጡት አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ከዚያ በላይ የተማሩ፣ ከሞስኮ፣ ከኪየቭ፣ ከሌኒንግራድና ከኦዴሳ የመጡ የከተማ ሰዎች ናቸው። አንድ ወይም ሁለት ልጅ፣ ባልም ሚስትም ባለሙያ፣ አያት አብራ።

የእኛዎቹስ? በዘመቻ ሙሴ፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም.፣ ከሱዳን ወደ 8 ሺህ ሰው ተነሣ። በዘመቻ ሰለሞን፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በ36 ሰዓት ገደማ 14 ሺህ 325 ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጓዘ። አብዛኞቹ ከወገራ፣ ከሰሜን፣ ከደምቢያ፣ ከቋራ የወጡ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ከአዋቂዎቹ የሚበዙት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ቤተሰቡ ትልቅ ነው፤ ልጅ ብዙ፣ ደመወዝተኛ አንድ።

እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ «ማን ቀደመ?» ማለት ምን ያስተምረናል? ሐሳባችሁን ወርውሩ፤ በተለይ እዚያ የኖራችሁ ካላችሁ።

ዓባይ ማዶ · ትናንት ማታ 3፡05

መምህር፣ መነሻው እኩል እንዳልነበር ማንም አይክድም። ግን አርባ ዓመት እኮ ረጅም ነው። ያኔ በአውሮፕላን የገባ ሕፃን ዛሬ ራሱ ወላጅ ሆኗል። መነሻ እስከ መቼ ምክንያት ይሆናል? መንግሥት ቤት ሰጠ፣ ትምህርት በነፃ ሰጠ፣ ቋንቋ አስተማረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ «አልተመቸንም» እያሉ ማሳበብ ሰውን ያዳክመዋል ባይ ነኝ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ዋሽንግተን ያሉት ሐበሾች ማንም አውሮፕላን ልኮ አልወሰዳቸውም፤ ቤትም የሰጣቸው የለም። ግን ታክሲ ነድተው ልጆቻቸውን ሐኪም አድርገዋል። ያው የጎጃምና የጎንደር ሰው ነው። አሜሪካ የቻለው እስራኤል ላይ ለምን አቃተው? በትጋት የሚገኘውን ነገር ደብቀን በሁኔታ ብቻ እንዳናስረዳ እሰጋለሁ።

ፖሊ ሰባዎቹ · ትናንት ማታ 4፡10

ልጆቼ፣ እኔ ራሺያኖቹን ስለማውቃቸው በእነሱ በኩል ልናገር። የዚህ ከተማ ፖሊ (ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ) በ1963 የተከፈተው በሶቪየት መንግሥት ድጋፍ መሆኑን ወጣቶቹ ሳትሰሙ አትቀሩም። እኛን ኤሌክትሪክ ያስተማሩን ከዚያ የመጡ መምህራን ነበሩ። በኋላም ለከፍተኛ ትምህርት ኦዴሳ ተላክሁ። አይሁድ መምህራንም፣ አይሁድ የክፍል ጓደኞችም ነበሩኝ።

በዚያ አገር ፓስፖርት ላይ አምስተኛው መስመር ብሔር ነበር፤ «አይሁድ» ተብሎ ይጻፍበታል። አንዳንድ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ በዚያ መስመር ምክንያት በሩን ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ትምህርት ነበር፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ቫዮሊን። መሬትም ሱቅም የግል በማይሆንበት አገር ሌላ ምን ይወረሳል? ሴቶቹም እንደ ወንዶቹ መሐንዲስና ሐኪም ነበሩ። ይህ ሁሉ በሰባ ዓመት የተገነባ ነገር ነው። ቤን ጉሪዮን ሲያርፉ ሻንጣቸው ባዶ ቢሆንም ይህን ይዘው ነው ያረፉት። ከዲፕሎማውም በላይ ልብ በሉ፦ ማመልከቻ መጻፍ፣ ቢሮ ገብቶ መከራከር፣ ፈተና መቀመጥ፣ ደንብ አንብቦ ቀዳዳውን ማግኘት ያውቃሉ። የሶቪየት ቢሮክራሲ ያሳደገው ሰው የትኛውም ቢሮ አያስደነግጠውም።

ሆኖም «ተሳካላቸው» ተብሎ በደፈናው ሲወራ አልቀበልም። ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ፣ ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ፣ መንገድ እየጠረገ መኖሩን በደብዳቤ ጽፎልኛል። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እንደሱ ወደ ሙያቸው ሳይመለሱ ነው ያረጁት። በሶቪየት ለአርባ ዓመት የሠሩበት ጡረታም እዚያው ቀረ። ከሩሲያ ጋር የጡረታ ስምምነት የተፈረመው በ2016 ነው፤ ያኔ ስንቱ አልፏል። እነ አያት ነታንያና አሽዶድ ውስጥ በአንዲት ክፍል፣ በድጎማ ነው የኖሩት። አማካዩ የሚያምረው ልጆቻቸውና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት ስላነሡት ነው።

«ራሺያኖች» ማለቱም ራሱ ልክ አይደለም። ከካውካሰስ ተራሮች የመጡ አይሁዶች አሉ፤ ከዳግስታንና ከአዘርባጃን። እነሱ ከሞስኮዎቹ ጋር እኩል አልሄዱም። ልጆቻቸው ከትምህርት ሲያቋርጡ፣ አባቶች ሥራ ሲያጡ፣ ችግራቸው ከእኛዎቹ ችግር ጋር ይመሳሰል ነበር። አንድ መንግሥት፣ አንድ ፓስፖርት፣ አንድ ቋንቋ፤ ውጤቱ ግን ሁለት።

የደምቢያ ልጅ · ትናንት ሌሊት 5፡30

ጋሼ ፖሊ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ እንደነገሩን ያለ ሚዛናዊ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ከምትሉት ሰዎች አንዷ ነኝ። የተወለድኩት ደምቢያ ነው፤ አሁን የምኖረው ነታንያ። አማርኛዬን እናቴ ናት ያቆየችልኝ፤ ግድፈት ካለው ይቅር በሉኝ።

በሱዳን በኩል ነው የወጣነው፤ በእግር፣ በሌሊት። ኡም ራኩባ ካምፕ ተቀመጥን። እዚያ ታናሽ ወንድሜን ቀበርነው። በሱዳን መንገድና ካምፖች የሞቱት ወደ 4 ሺህ ይጠጋሉ ይባላል፤ ኢየሩሳሌም በሄርጼል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልን አይደለም። ዓባይ ማዶ የተባልከው ወንድሜ፣ «መንግሥት ሰጣቸው» ስትል ወላጆቼ ያን አውሮፕላን ለመድረስ ምን እንደከፈሉ በሒሳቡ ውስጥ እንድታስገባው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልንገርህ። ራሺያኖቹ ሲገቡ ገንዘቡ በእጃቸው ተሰጣቸው፤ ቀጥታ ክሊታ ይባላል። የት እንደሚከራዩ፣ ልጃቸውን የት እንደሚያስገቡ ራሳቸው ይወስናሉ። ሁለት ቤተሰብ አንድ አፓርታማ ይጋራና ገንዘቡን ያጠራቅማል። እኛን ግን መርካዝ ክሊታ፣ የስደተኞች መቀበያ ማዕከል፣ አስገቡን። ምግብ በሰዓት፣ በር ላይ ጥበቃ፣ ለእያንዳንዷ ጉዳይ የሚወስን ሠራተኛ። ለጥቂት ወር የተባለው ለብዙዎች ዓመታት ሆነ። አባቴ ደምቢያ ውስጥ ዳኛ የሚሆን፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነበር። እዚያ ግን የልጅ ልጁን ትምህርት ቤት የሚመርጥለት አንዲት የሃያ ምናምን ዓመት ሠራተኛ ሆነች። ልጆች ቋንቋውን ቶሎ ስንይዝ ደብዳቤ የምናነብ፣ ሐኪም ቤት የምናስተረጉም እኛ ሆንን። አባቴ ፊት ቆሜ ስለ ሕመሙ ለሐኪም ስናገር የነበረውን ፊቱን አልረሳውም። ቤት ውስጥ ማን እንደሚመራ ተምታታ። ይህ በየትኛውም ስታቲስቲክስ ላይ አይታይም፤ ግን የብዙ ወንድሞቻችንን ሕይወት ያበላሸው ይህ ነው።

ከአሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት በላይ የሆንነውን ደግሞ ወደ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ላኩን። አንዳንዱ ጥሩ ነበር፤ መጽሐፍና ሥርዓት አግኝተናል። አንዳንዱ ግን ከመጀመሪያውኑ ለእጅ ሙያ ነበር የመደበን። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ የምወድ ልጅ ሆኜ ወደ ስፌት ክፍል ተመደብኩ። የጠየቀኝ አልነበረም።

ቤት ተሰጣቸው ያልከውም እውነት አለው። በ1993 ልዩ ብድር ወጣ፤ ከፍተኛው ክፍል የማይመለስ ስጦታ ነበር። ለጋስነት ነው፤ አመሰግናለሁም። ግን የገንዘቡ ልክ የሚገዛው ርካሽ ሰፈር ያለ ቤት ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁላችንም እየተከታተልን ቂርያት ማላኪ፣ ረሖቦት፣ አፉላ፣ ነታንያ ውስጥ ተመሳሳይ ሰፈሮች ገባን። ሌላው ጎረቤት እየለቀቀ ሄደ፤ ትምህርት ቤቱም የእኛ ልጆች ብቻ የሚቀመጡበት ሆነ።

ሽምብጥ · ዛሬ ጠዋት 1፡15

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። አንብቤ ሌሊቱን አልተኛሁም። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ እስራኤላውያኑ ራሳቸው አይሁድ መሆናችሁን ይጠራጠሩ ነበር ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

የደምቢያ ልጅ · ዛሬ ጠዋት 2፡00

እውነት ነው። በ1973 ከእስራኤል ሁለት ዋና ራቢዎች አንዱ የነበሩት ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ፤ በ1975 መንግሥት አይሁድ ገብቶ ዜጋ በሚሆንበት በመመለስ ሕግ ተቀበለን። ግን ከመጣን በኋላ የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ወንዶቻችን እንደገና የግዝረት ምልክት እንዲወስዱ፣ ሁላችንም ለመንጻት ውኃ ውስጥ እንድንጠልቅ ጠየቀ። በ1985 ሰዎቻችን ኢየሩሳሌም በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። በእምነታቸው ምክንያት ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሰደቡ የኖሩ ሽማግሌዎች እስራኤል ሲደርሱ እምነታችሁ ይፈተሽ ተባሉ። ከራሺያኖቹ ደግሞ በሃይማኖቱ ሕግ አይሁድ ያልሆኑ 300 ሺህ ያህል አሉ፤ እነሱም ለመጋባት ቆጵሮስ ይበርራሉ። የእያንዳንዱ መከራ ለየቅል ነው። ነገር ግን ራሺያኑ መንገድ ላይ ሲሄድ ማንም አያስቆመውም።

የጣቁሳዋ · ዛሬ ጠዋት 3፡40

ስለዚያኛው አገር ብዙ ተባለ፤ ስለዚህኛው ልናገር። እኔ የአለፋ ጣቁሳ ልጅ ነኝ፤ ከጣና በስተ ምዕራብ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ስለ «እስራኤሎቹ» ያወሩ ነበር። ማረሻ የሚያበጁ፣ ማጭድ የሚስሉ፣ ሴቶቹ ጋንና ምጣድ የሚሠሩ። ቤታችን ውስጥ የነበረው ጋን በሙሉ የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ግን በአንድ ማዕድ አይቀመጡም፤ ሕፃን ይዘህ በደጃቸው አታልፍም፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል። ርስት አልነበራቸውም። የሚያርሱት በሲሶ ወይም በእኩል ነው፤ ባለርስቱ ሲፈልግ ያነሣቸዋል። የራሴ ነው የሚሉት መሬት ያገኙት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው፤ ብዙም ሳይቆዩበት መንገድ ጀመሩ።

ስለዚህ መምህር፣ መነሻውን ስትቆጥር ከእስራኤል አውሮፕላን ጣቢያ አትጀምር። ቢያንስ ከእኛ መንደር ጀምር። ርስት የተከለከለ ሰው ለልጁ ምን ጥሪት ያወርሳል? ቡዳ እየተባለ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ቢከፈትለት እንኳ ማን ጎን ይቀመጣል? ጋሼ ፖሊ የነገሩን አይሁዶች ቢያገለሏቸውም ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። የእኛዎቹን ግን መሬቱንም ትምህርቱንም ነው የከለከልናቸው። አሁን ተነሥተን «ሐበሻ የትም ቢሄድ ያው ነው» ስንል በጣም ያሳፍረኛል። ያ ድህነት ከፊሉ የእኛ ሥራ ነው።

ጣና ዳር · ዛሬ ቀን 6፡50

የጣቁሳዋ፣ ከእኔ ጽሑፍ የጎደለውን ሞላሽልኝ። ከዚያ መጀመር አለበት።

ዓባይ ማዶ፣ ስለ ዋሽንግተን ያነሣኸው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ዞሮ የእኔን ነጥብ ያጠናክራል። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ አሜሪካ የቀሩት ወይም የገቡት ሐበሾች እነማን ነበሩ? ለትምህርት የሄዱ፣ የአዲስ አበባና የአስመራ ልጆች፣ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በር ሲከፍት ከሱዳን ካምፕ ከተወሰዱት ውስጥም ፊደል የቆጠረው ብዙ ነበር። ከ1995 ወዲህ ደግሞ ዲቪ መጣ፤ ዲቪ አሥራ ሁለተኛን ያልጨረሰ ወይም የታወቀ የሥራ ልምድ የሌለውን አይቀበልም። እኛ ከተማ ዲቪ የሚሞላው ማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ የተማረው፣ ኢንተርኔት ቤት የሚደርሰው ነው። ታክሲ የሚነዳው ሰውዬ እኮ ብዙ ጊዜ ዲግሪ ያለው ነው። ዘመቻ ሰለሞን ግን ማንንም አልመረጠም። ዓይነ ስውሩንም፣ አራሷንም፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንቱንም አንድ ላይ ጭኖ ሄደ። የተጣራን ቡድን ካልተጣራ ጋር ነው እያወዳደርን ያለነው።

አሁን ትጋት ወይስ ሁኔታ ለሚለው። እዚህ ላይ ከማንኛውም ክርክር የሚበልጥ አንድ ማስረጃ አለ። ዘመቻ ሰለሞን በድንገት ስለሆነ ሰዎቹ በመላ አገሪቱ በሚገኙ መርካዞች የተበተኑት በጥድፊያ ነበር። ማን የት እንደሚወድቅ የወሰነው የትምህርት ደረጃው ወይም ሀብቱ አልነበረም። ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪና ዳንኤሌ ፓዘርማን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እነዚህን ልጆች ተከታትለው በ2004 ውጤቱን አሳተሙ። ከአንድ ዓይነት ቤተሰብ፣ ከአንድ ዓይነት መንደር፣ በአንድ ቀን የመጡ ልጆች ናቸው። በሒሳብ የተሻለ ውጤት ያለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የደረሳቸው ከሁለተኛ ደረጃ የማቋረጥ ዕድላቸው ቀነሰ፤ ባግሩት የሚባለውን የማጠናቀቂያ ፈተና የማለፍ ዕድላቸውም ከፍ አለ። ልዩነቱን የፈጠረው የደረሳቸው ትምህርት ቤት ነው። «የሐበሻ ነገር» ቢሆን ኖሮ ሁሉም እኩል በወደቁ ነበር።

ሌላው ብዛት ነው። አንድ ሚሊዮን ሰው ድምፅ አለው። በ1996 ምርጫ በናታን ሻራንስኪ የሚመራው የሶቪየት ስደተኞች ፓርቲ 7 ወንበር አገኘ፤ ሚኒስቴርም ያዘ። በዚያው ምርጫ ከኢትዮጵያ ተወላጆች አዲሱ መሰለ ብቻቸውን፣ የመጀመሪያው ሆነው፣ ክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) ገቡ። የራሺያኖቹ መምህራን ትምህርት ቤቱ አላረካቸውም ሲሉ ማታ ማታ ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምሩበትን «ሞፌት» የተባለ የራሳቸውን ሥርዓት አቋቋሙ። መቶዎች የፊዚክስ መምህራን አብረው ስለመጡ ነው ይህን የቻሉት። የእኛዎቹ ቄሶችና ሽማግሌዎች ነበሯቸው፤ ማኅበረሰቡን አንድ ላይ አቆይተዋል። ፊዚክስ ግን ከየት ያምጡ?

ዓባይ ማዶ · ዛሬ ቀን 8፡30

የልጆቹ ጥናት ጠንካራ ነው፤ ያን አላውቅም ነበር። በዲቪም እስማማለሁ። ግን የምይዘው ነገር አለኝ። ትምህርት ቤቱ ልዩነት ካመጣ፣ እንግዲያው ትምህርት ቤቱን የመምረጥና የመከታተል ኃላፊነት ሄዶ ሄዶ ወላጅ ጋ መድረስ አለበት። እዚያ የተወለደው ሁለተኛው ትውልድ ዕብራይስጥ አፉን የፈታበት ነው፤ ወታደር ሆኖ አገልግሏል። እሱም ወደ ኋላ ከቀረ በ1967ቱ አዋጅ ማስረዳት ይከብዳል። እህታችን ከነታንያ፣ እውነቱን ንገሪን፤ ልጆቻችሁ የት ደረሱ?

የደምቢያ ልጅ · ዛሬ ማታ 1፡45

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ወደ ላይ የወጣው ብዙ ነው። የእናቴ ትውልድ ሴቶች አብዛኞቹ ደመወዝ አይተው አያውቁም፤ የእኔ ትውልድ ሴቶች ግን አብዛኞቻችን እንሠራለን። የመንደራችን ልጆች ጠበቃ፣ ነርስ፣ የጦር መኮንን ሆነዋል። ጎንደር አካባቢ ተወልዳ በሦስት ዓመቷ በዘመቻ ሙሴ የገባችው ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 ሚኒስትር ሆናለች፤ ያውም የስደተኞች መቀበያ ሚኒስቴር ላይ። የእኛ የቤተ እስራኤሎች በዓል ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገር በዓል ነው። ባግሩት የሚያገኙት ልጆች ቁጥር ወደ አገሩ አማካይ ተጠግቷል። ፊደል ካልቆጠረ አባት በአንድ ትውልድ እዚህ መድረስ ትንሽ ጉዞ ይመስልሃል? ከራሺያኑ ልጅ ጋር ብታወዳድረው የተጓዘው ርቀት ይበልጣል።

የቀረውም ብዙ ነው። ባግሩቱ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደረጃ ግን አሁንም ያንሳል። ሰፈሩ ያው ሰፈር ነውና። ሥራ ሲገኝም ከዲግሪ በታች ያለ ሥራ ይሆናል።

ቋንቋ አፉን ፈታበት ላልከው፦ አዎ ፈታበት። ግን በ1996 ከእኛ ሰዎች የተለገሰው ደም በስውር ሲጣል እንደነበረ በጋዜጣ ወጣ፤ በሺዎች ወጥተን ጮኽን። በ2015 የደንብ ልብስ የለበሰ የእኛ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ ታየ። በ2016 የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በመንግሥት ተቋማት ውስጥ በእኛ ላይ አድልዎ እንዳለ በይፋ ጻፈ። በ2019 ደግሞ ሐይፋ አጠገብ አንድ ያልታጠቀ የ18 ዓመት ልጅ ከሥራ ውጪ በነበረ ፖሊስ ተገደለ። የእኔ ልጅ ዕብራይስጡ ከማንም አያንስም። ማታ ሲወጣ ግን መታወቂያህን ይዘሃል ወይ ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ራሺያዊት ጎረቤቴ ልጇን እንዲህ ብላ ጠይቃው አታውቅም። ወላጅ ኃላፊነት አለበት፤ እኔም አለብኝ፤ በየወሩ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ግን ይህን እኔ ብቻዬን የምሸከመው አይደለም።

ጎንደር ከተማ ውስጥ አሁንም ዘመዶቻቸውን ለመከተል የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። መሬታቸውን ትተው ከገጠር ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጆቻቸው በኪራይ ቤት ነው ያደጉት። ነገ ሲገቡ በማን መነሻ ይለካሉ? በእርሻው ወይስ በተጠባበቁበት ዘመን?

ነጭ ጋውን · ዛሬ ማታ 2፡10

ጋሼ ፖሊ፣ እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ነርስ ነኝ። ወደ ውጭ ለመሄድ ወረቀት እያሰባሰብኩ ነው። ያ ሁሉ የሶቪየት ሐኪም ወደ ሙያው የተመለሰው እንዴት ነው? ዲፕሎማቸውን ዝም ብለው ተቀበሉት? እኛ እዚህ ስንት ዓመት ሠርተን እዚያ ስንሄድ ከረዳትነት እንደምንጀምር ነው የምሰማው።

ፖሊ ሰባዎቹ · ዛሬ ማታ 3፡25

ልጄ፣ ዝም ብለው አልተቀበሉም። ሐኪሞቹ በሺዎች ስለመጡ አገሪቱ የነበሯትን ሐኪሞች ያህል ሌላ ሐኪም ነው የገባላት። አብዛኞቹ የፈቃድ ፈተና ተቀምጠዋል፤ ለፈተናው የሚያዘጋጅ ኮርስ መንግሥት ከፈተላቸው። ረጅም ዓመት የሠሩት ደግሞ ከፈተናው ነፃ ሆነው ሆስፒታል ውስጥ በሌላ ሐኪም ቁጥጥር ሥር ለወራት ከሠሩ በኋላ ፈቃድ አገኙ። ብዙዎች ግን ቀርተዋል፤ ነርስ ወይም ረዳት ሆነው የጨረሱ ስፔሻሊስቶች አሉ። የመሐንዲሶቹ ከዚህም የባሰ ነው። በአንድ ጊዜ ከአገሩ መሐንዲስ የሚበልጥ መሐንዲስ ሲገባ ሥራ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ አንቺ ከመሄድሽ በፊት የምትሄጂበት አገር የነርሲንግ ምክር ቤት የሚጠይቀውን አንድ በአንድ አጣሪ። የተማርሽባቸውን ሰዓታት የሚያሳይ ዝርዝር ትራንስክሪፕት ከትምህርት ቤትሽ አሁኑኑ አውጪ፤ ከሄድሽ በኋላ ማስወጣት ትልቅ ጣጣ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ የሠራሽበት ክፍል በስም ይጠቀስ። ቋንቋውን እዚህ ሆነሽ ጀምሪ። ትንሽ ዝቅ ያለ ሥራ ብታገኚም ከሆስፒታል ግቢ አትውጪ፤ ያ ጓደኛዬ መጥረጊያውን ይዞ ከሙያው ግቢ ስለወጣ ነው መመለሻ ያጣው።

አራተኛ ዓመት · ዛሬ ማታ 3፡50

መምህር፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ብሠራው ብዬ አሰብኩ። ሁለቱን ማኅበረሰቦች አወዳድሬ። ከየት ልጀምር? መረጃስ ከዚህ ሆኖ ይገኛል?

ጣና ዳር · ዛሬ ማታ 4፡40

ይገኛል። የእስራኤል ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ በስግድ ሰሞን ስለ ኢትዮጵያ ተወላጆች መረጃ ያወጣል፤ ብዛት፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ የሚኖሩበት ከተማ። አሁን ከ160 ሺህ በላይ ሆነዋል፤ ጉልህ ክፍላቸው እዚያው የተወለደ ነው። ከሶቪየት ስለሄዱትም በኢኮኖሚክስ መጽሔቶች የታተመ ሥራ ሞልቷል።

ግን ሁለቱን አማካይ ጎን ለጎን አስቀምጠህ እንዳትመጣብኝ። መጀመሪያ የገቡበትን ዓመት ለይ፤ የ1984ቱና ከ2000 በኋላ የገባው አንድ አይደሉም። ቀጥሎ ሲገቡ የነበራቸውን ዕድሜ ለይ፤ በአምስት ዓመቱና በሠላሳ አምስት ዓመቱ የገባ ሰው የተለያየ ሕይወት ነው የኖረው። የቤተሰብ ገቢ ስታይ በነፍስ ወከፍ አስላው፤ ሰባት ልጅ ያለውና አንድ ልጅ ያለው ቤት በአንድ ደመወዝ አይለካም። የካውካሰስ አይሁዶችን የሚለይ መረጃ ካገኘህ ከእኛዎቹ ጋር አወዳድራቸው፤ ጋሼ ፖሊ የጠቆሙት እሱ ነው ለእኔ ከሁሉ የሚያጓጓው። መነሻው የተቀራረበ፣ የቆዳው ቀለም የተለያየ። ከዚያ የቀረው ልዩነት ካለ ከምን እንደመጣ መጠየቅ ይቻላል።

የጣቁሳዋ ፈቃደኛ ከሆነች ደግሞ አለፋ ሄደህ ያኔ ጎረቤት የነበሩ አዛውንቶችን አነጋግር። በሕይወት ያሉት እያነሱ ነው። የምዕራፍ አንድህ መረጃ እዚያ ነው ያለው። ሰኞ ከሰዓት ቢሮዬ ና፤ የጥያቄዎቹን ዝርዝር አብረን እናወጣለን።

የጣቁሳዋ · ዛሬ ማታ 4፡55

ፈቃደኛ ነኝ። አጎቴ ዘጠና አልፏቸዋል፤ ማረሻ የሚያስበጁት ከማን እንደነበረ፣ ማን በማን መሬት ላይ ስንት ዓመት እንዳረሰ በስም ይናገራሉ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ከመከር በፊት ብትመጣ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ቤት አታገኛቸውም።